እጄ ምሶሶው ላይ

መንደራችን ከሸዋ ሮቢት በላይ ያለ ኮረብታ ጫፍ ላይ ነው። ቤቶቹ የድንጋይ ናቸው፤ ጣራቸው የተጠቀጠቀ አፈር። መግቢያው ላይ መንደሩ ቅርስ መሆኑን የሚናገር ታፔላ ከተተከለ ወዲህ ቆርቆሮ ማልበስ ክልክል ነው። ባለቤቴ በክልከላው ደስ ብሎት ነበር። በዚህ ሙቀት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከመኖር ምድጃ ውስጥ መግባት ይሻላል ይል ነበር።

በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ጣራውን የምናድሰው ሁለታችን ነበርን። እሱ ከላይ የአምናውን አፈር ጭሮ ያወርዳል፤ አዲሱን በገለባ ለውሶ ያለብሳል፤ በእንጨት እየመታ ይጠቀጥቃል። እኔ ከታች መዳፌን ምሶሶው ላይ አድርጌ እቆማለሁ። ሸክሙ ሲበዛ ምሶሶው ይንቀጠቀጣል። ያኔ «ቀስ!» እላለሁ፤ እሱም ያቆማል።

ግንቦት ላይ ቀበርነው። አሁን ኢዳ ላይ ነኝ፤ የሐዘኑ ወራት እስኪሞላ ከባሌ ቤት አልወጣም። የምመኘው ይህን ብቻ ነው፤ ወራቱን እሱ በኖረበት ቤት መጨረስ። ልጄ ግን ከከተማ በየቀኑ ይደውላል።

«እማ፣ ጣራው ሳይወድቅብሽ ውረጂ። ሼኹን ጠይቄያለሁ፤ ቤቱ የሚያሰጋ ከሆነ መውጣት ይፈቀዳል ብለዋል።»

ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ጎረቤቶቹን አስከትሎ መጣ። ጣራው ላይ ሲወጡ ሰማሁ። የመጫር ድምፅ ግን አልነበረም። አፈሩ ዝም ብሎ ይደፋል። ባሩድ የመሰለ አቧራ ራሴ ላይ ወረደ። መዳፌን ምሶሶው ላይ አሳረፍኩ፤ እንደታመመ ሰው ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሐዘን ላይ ሆኜ በወንዶች ላይ መጮኽ ከበደኝ። እንዲያቆሙ ዘነዘናውን አንስቼ ምሶሶውን መታሁ።

«እትዬ፣ ምን እየወቀጡ ነው? ለኛ ከሆነ ጨው እንዳይረሱ!» አለ ዋርሳዬ። ጎረቤቶቹ ሳቁ።

«የድሮውን አውርዱ! ከላዩ አትጨምሩ!» ስል ጮህኩ።

«ደመናው በደብረ ሲና በኩል መጥቷል እኮ! ለመጫር ጊዜ የለም፣ ይችላል!»

አልቻለም። እንጨት ሲሰነጠቅ ሰማሁ፤ ከመዳፌ በላይ ምሶሶው ለሁለት ተከፈተ። ሳቁ ቆመ። ዋርሳዬ እየሮጠ ወርዶ በር ላይ ቆመ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ይውጡ እትዬ፣ ወላሂ ይውጡ! አላህም ሰውም አይቀየምም።»

«ወንድምህ አፈር እንዴት እንደሚያወርድ አይተህ አታውቅም?»

ከጎረቤት ቤት ግንድ አምጥቶ ጣራውን የተሸከመውን ወራጅ ደገፈ። ከዚያ አካፋውን ይዞ ብቻውን ወጣ። መጫር ጀመረ።

ስልኬ እየጮኸ ነው፤ ልጄ ነው። አላነሳሁትም። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ የባሌ መኝታ ላይ ወደቀ። ፍራሹን ጎትቼ ወደ ግድግዳው አስጠጋሁና ወደ ምሶሶው ተመልሼ ቆምኩ።

«እንዴት ነው እትዬ?» ይላል ከላይ።

መዳፌን ስንጥቁ ላይ አሳርፌያለሁ። ደህና ነው ልለው ፈለግሁ።

«ቀስ» አልኩት። መጫሩን አቆመልኝ።