ዓሣ ጆሮ አለው

ላሄላ የተወለደችውም ያረጀችውም ከአንድ ውሃ ዳር ነው። ዓለም ያንን ወደብ ፐርል ሃርበር ብሎ ያውቀዋል፤ የአገሩ ሰው ግን ከመርከቦቹ በፊት በነበረው ስሙ፣ ፑኡሎኣ ይለዋል። በልጅነቷ ውሃው ማለዳ ማለዳ እንደ ወተት ይረጋ ነበር። በኋላ የጦር መርከቦች መጥተው እንደ ግራጫ ኮረብታ ተደረደሩበት። ላሄላም የመርከበኞቹን ነጭ ልብስ እያጠበች ትተዳደር ጀመር። ባሏ ካሂኪና የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ እሑድ ሲመጣ ግን የመረብ ሰው ነው።

በዚያ አገር መረብ የተሸከመን ሰው ወዴት ትሄዳለህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ዓሣ ጆሮ አለው ይላሉ፤ ሰምቶ ይሸሻል። ስለዚህ ባለመረቡ «ልሸራሸር ነው» ይላል፤ የሰማውም ሁሉ እያወቀ እንዳላወቀ ይሆናል። ተሳስቶ የጠየቀ ካለ የዚያ ቀን ነገር አበቃ። ሰውዬው ቢቆጣም ባይቆጣም መረቡን መልሶ ይሰቅላል።

በዚያች እሑድ ጠዋት ካሂኪና ቤተ ክርስቲያን አብሯት ሊሄድ ቃል ገብቶላት ነበር። ላሄላ ቅጠል አለስልሳ ጎንጉና የሠራችለትን አዲስ ባርኔጣ ምእመናኑ እንዲያዩላት ጓጉታለች። ከጓሮ በኩል ግን የናሆኣን ፉጨት ሰማች። ናሆኣ የካሂኪና የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ሚስት አላገባም፤ ሳቁ ከእሱ ቀድሞ ቤት ይገባል። ካሂኪና መረቡን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በእግሩ ጣት ሲወጣ ላሄላ ደጃፉ ላይ ጠበቀችው።

«ወዴት ነው?» አለችው።

እሱም፣ ጓሮ የሚጠብቀው ናሆኣም ክው አሉ።

«አንቺ ሴት! ምን አልሽ?»

«ወዴት ነው አልኩ! ዓሣ ልታጠምድ ነው ወይስ ጸሎት ልትሰማ?» ውሃው እንዲሰማላት ጮክ ብላ ደገመችው።

ካሂኪና መረቡን ከትከሻው አወረደ። ናሆኣ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ሚስት ያለው ሰው መረቡ አይርስም ብዬህ አልነበረም?»

«ሂድ ወዲያ! ቅናት ነው።»

«እሄዳለሁ እንጂ! እኔን እንደሆነ የሚጠይቀኝ የለ» አለና መቅዘፊያውን አንሥቶ፣ እያፏጨ ወደ ታንኳው ወረደ።

ካሂኪና ባርኔጣውን እያኮረፈ አደረገ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ገና አልተደወለም። ያኔ ሰማዩ ጮኸ።

ላሄላ ከዚያ በኋላ የሆነውን ስታስታውስ ድምፅ የለውም፤ ሁሉም ነገር ከውሃ በታች እንደሚታይ ሆኖ ነው የሚመጣላት። የጠላት አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ሲያልፉ የሸንኮራ አገዳው ይተኛና ይነሣል። ግራጫዎቹ ኮረብታዎች አንድ ባንድ ያዘነብላሉ። ውሃ ይነድዳል። በገመዱ ላይ ያሰጣቻቸው ነጫጭ ልብሶች እያየቻቸው ይጠቁራሉ። ባለቤቶቻቸው ሊወስዷቸው አልመጡም።

የናሆኣ ታንኳ ከወደቡ አፍ ወዲያ ባዶዋን ስትንሳፈፍ ተገኘች። እሱ አልተገኘም። ሰማዩ ከየአቅጣጫው ጥይት ሲያዘንብ ማን እንደመታው የሚያውቅ አልነበረም።

ባሕሩ ዳር በሽቦ ታጠረ፤ ጦርነቱ አልፎ ሽቦው ተነሣ። ካሂኪና መረቡን መጀመሪያ ያነሣ ዕለት ላሄላ ደጃፉ ላይ ቀደመችው። ሳታስበው ከአፏ ወጣ፤ «ወዴት ነው?» እሱም መልሶ ሰቀለው። በሌላ ጊዜም አነሣ፤ ጠየቀችው፤ ሰቀለ። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ልጆች አደጉ፣ አገቡ፤ መረቡ ግድግዳው ላይ ደረቀ።

ሱቅ ያላት ጎረቤቷ ካሜ ትቀልድባት ነበር። «ሌላዋ ባሏን በገመድ ታስራለች፤ አንቺ በጥያቄ አሰርሽው!»

«ገመድማ ይበጠሳል» ትላታለች ላሄላ። ሁለቱም ይስቃሉ፤ የላሄላ ሳቅ ግን ቶሎ ይደርቃል።

ካሂኪና አረጀ። ደረቱ ያፏጭ ጀመር። አንድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ወደ ውሃው እያየ፣ «ላሄላ፣ ለናሆኣ የመጀመሪያውን ዓሣ ሳልሰጠው መሞቴ ነው» አላት። የመጀመሪያው ዓሣ ቀድመው ለሄዱት ወደ ባሕሩ ይመለሳል፤ ልማዱ ነው።

«ልጆችህ ይስጡለት። አንተ አቅም የለህም።»

«ልጆቼ መቼ ያውቁትና? በሕይወቱ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። በሞቱም አይኑረው?»

 በዚያ ሰሞን በሕልሟ ውሃው እንደ ድሮው ወተት ሆኖ ታያት። ናሆኣ በታንኳው ደጃፏን ያልፋል፤ መቅዘፊያው ይንጠባጠባል። ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ አንድ ነገር እንድትለው ይጠብቃል። አፏ ግን አልከፈት ይላታል፤ እሱም ቀስ ብሎ ብርሃን ውስጥ ይገባል።

ከዚያ በአንዱ ጠዋት ካሂኪና ተነሣና መረቡን አወረደ። አራግፎ ትከሻው ላይ ጣለው። ጀርባውን ሰጥቷት ደጃፉ ላይ ቆመ፤ እንደ ልማዱ ጥያቄዋን መጠበቁ ነው። ላሄላ የተቀቀለ ጎደሬ ትወቅጣለች። ጥያቄው ምላሷ ላይ እንደ ፍም ተቀምጧል። ብትለው ይቀመጥላታል፤ እንደ ትናንቱ በረንዳው ላይ እያሳለ፣ እያየችው ይኖርላታል። የመውቀጫ ድንጋዩን አንሥታ ወቀጠች።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለ ዞሮ ሳያያት።

«ሥራ ላይ ነኝ። አታስፈታኝ።»

መረቡን ትከሻው ላይ አመቻቸ። «እንግዲህ… ልሸራሸር ነው።»

«ባርኔጣህን አድርግ፤ ፀሐይ ነው።»

ወጣ። ያን ቀን ላሄላ ጎደሬውን ወቅጣ ስትጨርስ ደግማ ወቀጠችው። ከሰመጡት መርከቦች ዛሬም ዘይት ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። በውሃው ላይ እንደ ቀስተ ደመና ሲዘረጋ፣ ሲጠፋ፣ እንደገና ሲዘረጋ እያየች ተቀመጠች። ከንፈሯን ግን አልከፈተችም፤ ለራሷም ቢሆን ወዴት ሄደ አላለችም። ዓሣው እንዳይሰማ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሳሉን ድምፅ ከጓሮ ሰማች። ካሂኪና እስከ ወገቡ ረጥቦ፣ ባዶ እጁን መጣ። መረቡ በትከሻው ላይ ይንጠባጠባል።

«አንድ ያዝኩ» አላት ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ለሱ ተውኩለት።»

ላሄላ መረቡን ተቀበለችው። ከብዷታል፤ ርጥብ መረብ ምን ያህል እንደሚከብድ ረስታ ኖሯል።

«ማን ጠየቀህ?» አለችው።

ካሂኪና አያትና መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ እንደገና ሳቅ። እሷም መረቡን እንደታቀፈች፣ ቀሚሷ እየራሰ፣ አብራው ሳቀች።