የክፍላችን እንስራ

ልጅ ሳለሁ፣ ማታ ማታ ጅብ ትሆናለች እየተባለ የሚወራብኝ እኔ ነበርኩ። የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። ቤታችን ከቢቸና ወጣ ብሎ፣ ከጎረቤቶቻችንም ራቅ ብሎ የተሠራ ነበር፤ የራቅነው ግን ወደን አልነበረም። ምጣዱንም፣ ድስቱንም፣ ጀበናውንም ከእኛ ይገዛሉ፣ ዞር ሲሉ ቡዳ ይሉናል። ይህን ስጽፍ አላፍርም። ማፈር ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ተረት የምሰማው ሸክላ በሚተኮስበት ምሽት ነበር። አያቴን እማማ ነበር የምንላቸው። እማማ በቀን ተረት አይናገሩም፤ በቀን እጃቸው ጭቃ ውስጥ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን የደረቀውን ሸክላ ጓሮ ከምረው፣ ኩበትና ጭድ አልብሰው ይለኩሱትና፣ ነፋስ እንዳያበላሽባቸው አጠገቡ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ያኔ ጋቢያቸው ውስጥ እገባለሁ። የኩበቱ ጢስ ዓይን ያስለቅሳል፣ ፍሙ ከሥር እየቀላ ሲመጣ ፊታችን ይሞቃል፣ ጀርባችን ይበርደዋል፣ በበሩ በኩል የኩራዟ ብርሃን ትንሽ ትንሽ ይታያል፤ እማማም በረጅም እንጨት እሳቱን እየቆሰቆሱ፣ ከሰው ጋር የሚጣሉ በሚመስል ድምፅ ይተርኩልኛል። ረጋ ብለው የነገሩኝ ተረት ትዝ አይለኝም።

ሦስተኛ ክፍል ስለናት የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። አንድ ወንበር ላይ ከእኔ ጋር የምትቀመጥ እሷ ብቻ ነበረች። ክፍላችን ጥግ የውኃ እንስራ ነበረ፤ ልጆቹ በአንድ ጣሳ እየቀዱ ይጠጣሉ። እኔ ጣሳውን እንዳልነካ ስለተከለከልኩ ስለናት ትቀዳና መዳፌ ላይ ታፈስልኛለች።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት የቋጠርኩትን ቆሎ አካፈልኳት። ጥቂት ቆይታ ሆዷን ይዛ አለቀሰች። ወዲያው «ዘርፌ በላቻት» ተባለ። ዘርፌ እኔ ነኝ። በእጄ ቆሎ ሰጥቻታለሁ፣ እሷ ታማለች፤ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ? ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው ያው ቡዳው እንትፍ ሲልበት ነው ይባላል። አስማረ የሚባለው ልጅ እጄን ጎትቶ ስለናት ፊት አቆመኝና «እንትፍ በይባት» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ከበበን። አፌ ደርቆ ምራቅ አጣሁ። መምህራችን መጥተው በተኑን፣ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቁም።

በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ከዚያ በኋላም አልሄድኩም። እናቴ ጭቃ እያቦካች «ተይው ልጄ፣ ከሰው አፍ ትድኛለሽ» አለችኝ። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ማቡካት ጀመርኩ። እማማ አይተው ወደ ጭቃቸው ተመለሱ። ሸክላ የሚተኮስበት ምሽት ሲደርስ ግን ጠርተው ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡኝ።

«ዱር ውስጥ አንድ ምንጭ ነበረ» አሉ። «አውሬው ሁሉ ከዚያ ይጠጣል። አንድ ቀን ሚዳቋ ታመመች፤ አውሬው ተሰበሰበና፣ ጃርት ናት ያሳመመቻት፣ ከምንጩ ትራቅ አለ። ጃርትም፣ ጠብ ምን ያደርግልኛል ብላ ከታች ከወራጁ መጠጣት ጀመረች። ሰነበቱና፣ ወራጁም የእኛ ነው አሏት። ከኩሬ ጠጣች። ሰነበቱና፣ በኩሬው በኩል ስለምናልፍ እንዳናይሽ አሏት። ያኔ ዋሻዋ ገብታ ተኛች። ልጆቿ ጠማን አሏት።» እሳቱን ጎረጎሩት፣ ፍንጣሪው ወደ ላይ ተነሣ። «አንድ ቀን ጠዋት ጃርት ተነሣች። አውሬው ሁሉ ምንጩ ዳር ቆሟል። በመሃላቸው አልፋ ሄደች፣ ሄደችና...»

እንጨቱን መሬት አስቀመጡ።

«እሺ፣ ከዚያስ እማማ?»

«እኔ ምን አውቄ? እዚያ አልነበርኩም። ነገ ትምህርት ቤት ሄደሽ ስትመለሺ አንቺ ትነግሪኛለሽ።»

በጣም ተናደድኩባቸው። ጋቢያቸውን ገፍፌ ወጣሁ። እንቅልፌ እስኪመጣ ድረስ ግን ያቺ ጃርት ከፊቴ አልጠፋችም፤ ልጆቿ ጠምቷቸዋል።

ጠዋት ሄድኩ። የእኔ ቦታ ላይ ቦርሳ ከምረውበታል፤ አንሥቼ መሬት አስቀመጥኩና ተቀመጥኩ። ስለናት ሌላ ወንበር ላይ ናት፣ አላየችኝም። በእረፍት ሰዓት ቀጥ ብዬ ወደ እንስራው ሄድኩ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ጣሳውን አንሥቼ ቀዳሁና ጠጣሁ። ውኃው ጥርስ ያማል፤ የእማማ እንስራ እንዲህ ነው የሚያቀዘቅዘው።

«ጣሳውን አረከሰችው» አለ አስማረ።

«አንገቱ ላይ ያለውን ምልክት እየው» አልኩት። «የአያቴ አውራ ጣት ነው። እንስራውን እሳቸው ናቸው የሠሩት። ዓመቱን ሙሉ ከእሱ ስትጠጣ ከረምክ። ምን ሆንክ?»

አስማረ ወደ እንስራው አንገት ጎንበስ አለ። ያኔ ስለናት ተነሥታ መጣች። አጠገቤ እንዳትደርስ እናቷ እንዳስጠነቀቀቻት ሁላችንም እናውቃለን። ጣሳውን ከእጄ ወሰደችና ቀድታ ጠጣች፤ አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ «ያመመኝ ኮክ ነው» አለች። «ያን ቀን ጠዋት ከሰው አጥር ላይ ጥሬውን በልቼ ነበር። ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት።»

ሁሉም ወደደኝ ብዬ አላታልላችሁም። ስለናት የዚያን ዕለት እቤቷ ተገርፋለች። አስማረ ከዚያ እንስራ መጠጣቱን ትቶ በሃይላንድ ውኃ ይዞ ይመጣ ጀመር፤ የረሳ ቀን ይጠማዋል። ይጥማው። ስለናት ግን ቦርሳዋን ይዛ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ እኔም ከዚያ ወዲያ አንድ ቀንም አልቀረሁም።

ማታ እማማ ከእሳት የወጣውን ሸክላ በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን እየሰሙ፣ ቀና ሳይሉ «እሺ?» አሉኝ።

«ጠጣች» አልኳቸው።

«ብቻዋን?»

«ሚዳቋም ጠጣች።»

«ደግ» አሉና ሌላውን ድስት አነሡ።

ዛሬ ሞጣ ውስጥ አስተምራለሁ። ልጅ ሲቀር ወላጁን ብቻ አልጠይቅም፤ አጠገቡ የሚቀመጡትን ልጆች እጠይቃለሁ፣ ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው እነሱ ጋ ነው። ባልደረቦቼ «የልጅ ነገር ነው፣ ይተዉታል» ይሉኛል። አይተዉትም። ልጅቷ ናት የምትተወው፣ ትምህርቱን።

በቅርቡ አንዷ ተማሪዬ ቀረችብኝ። የሚሏትን ሰማሁ፤ እዚህ አልደግመውም። ቤቷ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ የቆሻሻ እሳት ይጤሳል፤ አጠገቡ ተቀመጥንና የጃርቷን ተረት ነገርኳት። ምንጩ ዳር ስደርስ አቆምኩ።

«ከዚያስ ቲቸር?»

«እዚያ አልነበርኩም» አልኳት። «ነገ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።»

ዋሸኋት። ነበርኩ። የውኃው ቅዝቃዜ አሁንም ጥርሴ ላይ አለ።