እጁ ያልዳሰሰውን

ልጅ ሳለሁ አጎቴ መሪጌታ ደምሴ ሐይቅ ዳር ከጎጇችን ደጃፍ ተቀምጠው፣ በፋኖስ ብርሃን መረብ እየጠገኑ ስለ ዮልዮስ ያወሩኝ ነበር። ዮልዮስ በጥንት ዘመን፣ ክርስቲያኖች በእምነታቸው ሲገደሉ የሰማዕታቱን ገድል የጻፈ ሰው ነው። ያኔ ለትንኝ ብለን የምናጨሰው ኩበት ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ዮልዮስ በወታደሮች መሃል ሾልኮ የተሰየፉትን እንዴት እንደሚያነሳ፣ እንደሚያጥብ፣ እንደሚገንዝ ሲነግሩኝ፣ አሁን ያዙት አሁን ያዙት እያልኩ ትንፋሼን እውጥ ነበር።

«ጋሼ፣ ቢይዙትስ? ለምን መጀመሪያ አይጽፍም?» አልኳቸው አንድ ምሽት።

«እጁ ያልዳሰሰውን አይጽፍማ! ሬሳ በወሬ አይገነዝም፤ ገድልም እንደዚያው።»

«በመጨረሻስ?»

«እሱንም ሰየፉት።»

«የእሱንስ ማን ጻፈው?»

ቋጠሮውን በጥርሳቸው አጠበቁና፣ «አጠገቡ የነበረ» አሉኝ።

ፊደል ሳያስቆጥሩኝ ሞቱ። እኔም ዓሣ አጥማጅ ሆኜ ቀረሁ።

ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ከገባ በኋላ፣ አንድ ቀን በባህል አዳራሽ በኩል ረብሻ ተነስቶ የመንግሥት መኪና መስታወት ተሰበረ። ዓሣ ላደርስ በዚያ ሳልፍ የሚሮጥ ሰው ጀርባ ብቻ አየሁ። በማግስቱ የጀልባ ሸሪኬ ዳንጊሶ ታሰረ። እኔም ተጠራሁ። አንድ ወጣት ሹም አስቀድሞ የተጻፈ ቃል አነበበልኝ፤ «ዳንጊሶ ድንጋይ ሲወረውር በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል።

«እንዲህ አላልኩም» አልኩ።

«ጋሼ፣ አያድክሙን። አሻራዎን ብቻ ነው። እምቢ ካሉ አብረውት ይገባሉ።»

አውራ ጣቴን ይዞ ቀለሙ ላይ ጫነው። ልጆቼ ታወሱኝ፤ ሁለታችንም ከታሰርን ጀልባዋ አትወጣም፣ ሁለት ቤት ጦሙን ያድራል። ጣቴን ወደ ወረቀቱ ሲስበው፣ ኩበት በሌለበት የኩበት ጭስ ሸተተኝ። እጄን መንጭቄ ቀለሙን በሸሚዜ ጠረግሁት።

«አላየሁም» አልኩ።

አስገቡኝ። ዳንጊሶ ከጥግ ቀና ብሎ፣ «አንተ ደግሞ ምን ሰበርክ?» አለኝ።

«ስትወረውር አላየሁህም ብዬ ነው።»

«እኔም ምንም አልሰበርኩም። ታዲያ መረቡን ማን ሊጥል ነው?»

ሳቅን። የእስር ቤቱ በር ሲከፈት ግን ሳቁ አፋችን ላይ ደረቀ። ለማናችን እንደመጡ አናውቅም። እንዲህ እየሰጋን ሰነበትን፤ ኋላ ምስክር ሲጠፋ ለቀቁን።

ዳንጊሶ ዛሬ የለም። ከአጎቴ ወሬም ብዙው ጠፍቶብኛል፤ የአንድ ሰማዕት ስም እንኳ አላስታውስም። የቀረኝ ያ የሚያጥበው፣ የሚገንዘው እጅ ነው። ይህን እየነገርኳት የምትጽፍልኝ የዳንጊሶ ልጅ አስቴር ናት። እዚህ ስንደርስ ብዕሯን አነሳች።

«አባባ፣ እኔ እኮ ይህን በዓይኔ አላየሁትም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አውራ ጣቴን ዘረጋሁላት። የመረብ ገመድ የተለተለውን ጣት በመዳፏ ይዛ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ መጻፏን ቀጠለች።