የትከሻ ወዝ

አልጋችን ባሕር ማዶ በጨረታ መሸጡን የነገረኝ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ የሆነው የአክስቴ ልጅ ነው። ስልኩን አስጠግቶ ፎቶውን አሳየኝ። ነጭ ግድግዳ፣ ከላይ መብራት፣ ከሥሩ የኛው ጠፍር አልጋ። ዋጋውን ሲነግረኝ ዜሮ ጨምሮ ያነበበ መሰለኝ። «ለእንጨትና ለቆዳ ይህን ሁሉ? አብደዋል እኮ!» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ የሸጥኩለት ነጋዴ ምን ያህል እንደሸወደኝ ሊያሰላልኝ ሲጀምር፣ ዝም በል አልኩት።

አልጋው የወይራ ነው፤ ያሠሩት አያቴ ናቸው። ከላሊበላ በላይ ካለው ከአሸተን ማርያም ገዳም ዝቅ ብሎ ባለው መንደራችን አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተኝተውበታል። ግን የሳቸው ብቻ አልነበረም። የግራና የቀኝ እንጨቶቹ ከእግሮቹ አልፈው አንዳንድ ክንድ ይወጣሉ፤ አያቴ ለሸክም ብለው ሆን ብለው ያስረዘሟቸው ናቸው። መኪና በማይደርስበት በዚያ ቁልቁለት ሰው ሲታመም፣ ምጥ ሲጠና፣ ሰው ሲሞትም፣ ጎረቤት ደጃችን መጥቶ «አልጋውን» ይላል። አባቴ ምንም ሳይጠይቁ ይነሣሉ፤ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው መደብ ላይ ያደርጉና አንዱን ጫፍ ራሳቸው ይሸከማሉ። አራቱ ጫፎች ከትከሻ ብዛት ጠቁረው ያብረቀርቁ ነበር።

እኔ ከተማ ውስጥ ለቱሪስት መስቀልና አሮጌ ዕቃ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። በጦርነቱ ጊዜ ቱሪስቱ ቀረ፣ ሱቋን ዘጋሁና ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። ነጋዴው ከአዲስ አበባ ድረስ አፈላልጎኝ የመጣው ያኔ ነው። አልጋውን አየና ጫፎቹን በመዳፉ አሻሸ። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ያለውን ሌላ ነገር ዞር ብሎም አላየ። ዋጋ ሲጠራ እኔ አባቴን እንሽጠው አልኳቸው።

«የኔ ብቻ መሰለሽ?» አሉ አባቴ። «የሰዉን ዕቃ እንዴት አድርጌ እሸጣለሁ ልጄ?»

«አንቱ ጦምዎን ሲያድሩ ሰዉ ምን አደረገልዎ?» አልኳቸው።

ይህን አፌን ዛሬም እረግመዋለሁ። ቄስ አባቴን፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በባዕድ ሰው ፊት! እሳቸው ግን አልተቆጡም። «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብለው ወደ ውጭ ወጡ። ጎረቤትን ያማከረ የለም፤ እኔም አላማከርኩም። በምትኩ ተፈታትቶ በአህያ የመጣ የብረት አልጋ ከነስፖንጁ ገዛሁላቸው። ሰው የሚታመም እንደሆነም ይህንኑ ይሸከሙታል ብዬ ደመደምኩ። ዕድሜዬን በአሮጌ ዕቃ የነገድኩ ሰው፣ አልጋ ሁሉ አልጋ መሰለኝ።

በክረምቱ አንድ ጠዋት አባቴን ሆዳቸውን ያዛቸው። ሲያስመልሳቸውና ሲያልባቸው ጊዜ ጎረቤት ጠራሁ። ሁሉም መጡ፤ አንድም ሰው ስለ አልጋው ክፉ አልተናገረኝም። የብረቱን አወጡት። ትከሻ ላይ የሚያርፍ ጫፍ የለውም። የባሕር ዛፍ አጣና ከሥሩ አሰሩለትና አባቴን አስተኝተው ተነሡ፤ መንገዱ በሁለት አለት መሐል ከሚጠብበት ሲደርሱ ግን በምንም ቢያዞሩት አላልፍ አለ። እንደገና ወደ ቤት መለስናቸው። ባሕር ዛፉን ፈትተው በጋቢ ቃሬዛ ሠሩ። ጋቢው ረግቦ ወገባቸው ስለተጣጠፈ በየእርምጃው ያቃስቱ ነበር። ጭቃው ያዳልጣል፤ ዐሥር ጊዜ አወረዷቸው፣ ዐሥር ጊዜ አነሷቸው።

የመኪናው መንገድ ከታች ይታየን ነበር። ከራስጌ የያዙት ሽማግሌ ጎረቤታችን ቆም ብለው ጎንበስ አሉና፣ «አሳርፏቸው» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው፣ «በቃ ልጄ፣ አትሩጪ» አሉኝ።

ቀድመው ቢደርሱ ይተርፉ ነበር ወይ ብዬ በኋላ የጤና ጣቢያውን ሰው ጠየቅሁት። እሱም መልሶ «ከቤት ስትነሡ ስንት ሰዓት ነበር?» አለኝ።

ዝም በል ያልኩት የአክስቴ ልጅ ስልኩን እንደያዘ ከፎቶው ሥር ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እየተረጎመ ያነብልኝ ጀመር። አልጋውን ውድ ያደረገው የጫፎቹ ወዝ ነው ይላል። እንዲህ ያለውን ወዝ ማንም አናጢ አስመስሎ ሊሠራው አይችልም ይላል። የማን ወዝ እንደሆነ ግን አይልም።

«እውነት አሁን ይህ ነገር ዋጋው ይገባዋል?» አለኝ።

«ይገባዋል» አልኩት። በዚያ ብርሃን ሥር የሚያብረቀርቀው አባቴ የመንደሩን በሽተኛና የመንደሩን ሬሳ ሁሉ የተሸከሙበት ትከሻ ነው። ያን ሁሉ ሰው ተሸክመውበት አልጋው እሳቸውን ሳይሸከም ቀረ። ቀማኛ አልነጠቀንም፤ እኔ ነኝ የሸጥኩት።

አሁን በመንደራችን ሰው ሲታመም ደጃችን መጥቶ የሚጣራ የለም። የብረቱ አልጋ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ።