የፎሶሊያው ጥፋተኛ

ሮሪሳ ኮዬ ፈጬ ላይ ጤፍ ሲዘራ የኖረ ገበሬ ነበር። መሬቱ ለኮንዶሚኒየም ከተወሰደ በኋላ ካሳው እንደ በረዶ እጁ ላይ ሟሟ፤ እሱም አቃቂ ወርዶ አንድ የአትክልት ማሸጊያ ቤት በር ላይ ከሥራ ፈላጊዎች ጋር ተሰለፈ።

ያን ጊዜ ያስገባችው የተከራየበት ቤት ጎረቤቱ ሐጀራ ናት። ሐጀራ የወሎ ሰው ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ አንድ ቀን እንደወጣ መንገድ በላው። ማሸጊያ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ የሠራች ስለሆነች ቃሏ ይሰማ ነበር። “ጎረቤቴ ነው፣ እኔ ዋስ እሆነዋለሁ” ብላ አስቀጠረችው፤ ሥራውንም ያስተማረችው እሷው ናት።

ሥራው ሆላንድ የሚላክ ፎሶሊያ መልቀም ነው። ሴቶቹ ነጭ ጋውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ ጎባጣውን ከቀጥታው፣ ወፍራሙን ከቀጭኑ ይለያሉ። ይህ ለገበሬው ሮሪሳ ጉድ ነበር።

“ጣዕሙ ያው አይደል? ጎበጠ ተብሎ ይጣላል እንዴ?” ሲላት ሐጀራ ሳቀች።

“አንተ የምትለቅመው ሰው የሚበላውን አይደለም” አለችው። “ፈረንጅ የሚያየውን ነው።”

ሮሪሳ ትንሽ የተማረም ስለነበር ብዙም ሳይቆይ የለቀማው መስመር ኃላፊ አደረጉት። ሐጀራ አልቀናችበትም። እንዲያውም አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ጠጋ ብላ ከልጆቿ እንኳ የደበቀችውን ነገረችው።

“ሮሪሳ፣ ዓይኔ እየከዳኝ ነው። ለማንም እንዳትተነፍስ፤ ካወቁ ያባርሩኛል።”

“አፌን ይቁረጠው” ብሎ ማለላት።

ጥር ላይ የሆላንዱ ገዢ “ካርቶኑ ውስጥ ትል ተገኝቷል፣ ጭነቱን አልቀበልም” አለ። ሥራ አስኪያጁ ዱጉማ ሮሪሳን ቢሮ አስጠራው። ዱጉማ በዕድሜ ልጁ ይሆናል፤ በአንቱታ ነው የሚያናግረው፤ አንቱታው ግን ርኅራኄ አልነበረውም።

“ጋሼ ሮሪሳ፣ ገዢው ‘ጥፋተኛዋን ለይታችሁ ምን እንዳደረጋችኋት አሳውቁኝ’ ብሏል። አንድ ስም ይስጡኝ።”

“ያን ቀን መስመሩ ላይ ስንት ሴት ነበረ! ማን እንዳሳለፈችው በምን ይታወቃል?”

“ካልታወቀማ የሚጠየቀው የመስመሩ ኃላፊ ነዋ።”

ሮሪሳ ሴቶቹን በልቡ አንድ በአንድ አለፋቸው። አንዷ የማሸጊያ ቤቱ ባለቤት የአክስት ልጅ ናት። አንዷ አፈኛ ናት፣ ፍርድ ቤት ድረስ ትሟገታለች። ሐጀራ ግን ከእሱ በቀር እዚያ ግቢ ውስጥ ሰው የላትም።

“ሐጀራ” አለ። “ዓይኗ ደክሟል። ራሷ ነግራኛለች።”

ያኔውኑ ጋውኗን አስወለቋት። በመስመሩ መካከል ስታልፍ ቆም ብላ አየችው። እሱ ካርቶን የሚያስተካክል መስሎ አጎነበሰ። ወሬው ቀድሟት ኖሮ ሌሎቹም ማሸጊያ ቤቶች “ትል የምታሳልፈዋ” እያሉ ከበር መለሷት።

ለፋሲካ ዱጉማ የመስመር ኃላፊዎቹን ምሳ ጋበዘ። ቢራው ሞቅ ሲያደርገው ወደ ሮሪሳ ዘንበል አለ።

“ያ የጥር ወሩ ትል ትዝ ይልዎታል? ትል የሚባል ነገር አልነበረም እኮ።”

ሮሪሳ ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰ። “እንዴት?”

“ያን ሰሞን ሞሮኮዎች ገበያውን በፎሶሊያ አጥለቀለቁት። እነሱ በመኪና ነው የሚያስገቡት፣ እኛ በአውሮፕላን፤ በምን አቅማችን እንወዳደራቸው? ገዢው በውላችን ዋጋ ቢረከበን ይከስራል። ስለዚህ ትል አገኘ። ገበያ ሲወርድ ሁሌም ትል ይገኛል።”

“እርስዎ ያኔውኑ ያውቁ ነበር?”

“ታዲያ ምን ላድርግ? ገዢውን ‘ዋሽተሃል’ ብለው በማግሥቱ ከኬንያ ይገዛል። ገዢ ከሚጠፋ ለቃሚ ብትጠፋ ይሻላል” ብሎ ሳቀ። ሮሪሳም አብሮ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

በማግሥቱ ሐጀራን ፍለጋ ወጣ። ባጃጅ ተራው አጠገብ ሸራ ዘርግታ ቲማቲም ስትሸጥ አገኛት። ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ የሰማውን ሁሉ ነገራት።

“ትል አልነበረም?” አለች በቀስታ።

“አልነበረም። እግዜር ምስክሬ ነው።”

“እኔ እኮ ሌት ተቀን ራሴን ስረግም ነው የከረምኩት። በኔ ዓይን ጦስ የስንቱ ሪዝቅ፣ የስንቱ እንጀራ ተበላሸ እያልኩ።” ቲማቲሞቹን መደርደር ጀመረች። “አሁን ምን ላድርግልህ? አውፍ ብዬህ ቀልሎህ ወደ ቤትህ እንድትገባ ነው?”

“ሐጀራ…”

“ተነስ። ገበያተኛ ከልለህብኛል።”

በተከታዩ ዓመት ገበያው እንደገና ወረደ። አሁን ደግሞ የተገኘው ፀጉር ነው ተባለ። ዱጉማ ሮሪሳን ቢሮ ጠርቶ “ጋሼ፣ እንግዲህ ያው እንደሚያውቁት ነው” ብቻ አለው።

ሮሪሳ ፀጉር እንዳልነበረ ያውቃል። ስም ካልሰጠ የሚወጣው ማን እንደሆነም ያውቃል። ብዙ አላሰበም።

“አስካለች” አለ። ከገባች ወር ያልሞላት፣ ስሟን እንኳ በቅጡ ያልያዘላት ልጅ ናት።

አስካለች እያለቀሰች እስከ በሩ ተከተለችው። “ጋሼ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?”

“ፀጉርሽን በደንብ አልሸፈንሽም” አላት ሮሪሳ። “ጋውኑን አጥበሽ መልሺ።”