የሎሳሊን ወንድም በረንዳ ላይ

ሎሳሊን አባቷን ቀብራ ወደ ኮሌጁ ስትመለስ፣ እስከ ወገቧ ይወርድ የነበረው ፀጉሯ ከጆሮዋ በላይ ቀርቶ ነበር። የቆረጠችው የአባቷ እህት ናት፤ በቶንጋ ይህ የአክስት ወግ ነው። ሎሳሊን መቀሱ ጆሮዋ ሥር ሲንቀጫቀጭ ሰማች፤ ከዚያ በቀር ምንም አልተሰማትም። በኋላ ራሷ ነገረችኝ።

በእንግሊዝኛ ክፍላችን የምቀመጠው ከኋላዋ ነበር። ዳሩ የተቦጫጨቀውን ሰፊ የሐዘን ምንጣፍ እንደ አገራችን ወግ ወገቧ ላይ ታጥቃ ትገባለች፤ ስትቀመጥ ምንጣፉ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ከእሷ የሚሰማው ድምፅ ይኸው ብቻ ነው። መልመጃዋን ግን አንድም ሳትስት ትሠራለች። ጥርሱን ሊነቀል መርፌ የተወጋ ሰው በደነዘዘ አፉ እንደሚያኝክ፣ እሷም እንግሊዝኛውን እንዲሁ ታኝከው ነበር። ጣዕም የለው፣ ሕመም የለው።

የምትማረው ነርስ ለመሆን ነው። ወጣትነቷ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ፣ በአንሶላ መሃል አልፏል። የነርሶች ትምህርት ቤት የመካከለኛ ደረጃውን የእንግሊዝኛ ፈተና ያላለፈ አይቀበልም፤ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነውንም እንዲሁ። በዚያ ዓመት ሠላሳ አምስት ሞላት። «ሂጂ ተማሪ፤ አንሶላው ሌላ አጣቢ አያጣም» ብሎ የላካት አባቷ ነበር።

ፌሌቲ የመጣው በዝናብ ቀን ነው። ፖሊስ መሆን የሚፈልግ፣ ከሰሜን ደሴቶች ለቀብሩ በመርከብ መጥቶ እዚያው የቀረ የእናቷ ወንድም ልጅ ነው። የአባታቸው ስም ስለማይገጥም የኮሌጁ ጽሕፈት ቤት ዝምድናቸውን ሳያውቅ እኛ ክፍል መደበው። በሩ ላይ ሲደርስ አየችውና ተነሳች። እሱም በመጣበት እግሩ ዞረ። በእኛ ዘንድ የአጎት ልጅ ወንድም ነው፤ ወንድምና እህት ደግሞ ካደጉ በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አይቀላለዱም፣ የፍቅር ወሬ አብረው አይሰሙም። መምህራችን ታኒዬላ የአገሩ ልጅ ነውና ወዲያው ገባው።

«እንግዲህ ማን ይውጣ?» አለ፣ ጠመኔውን እንደያዘ።

«እኔ ወጥቻለሁ» አለ ፌሌቲ ከበረንዳው። «እህቴ ትማር።»

«ዝናብ ነው እኮ።»

«ዝናብ ፖሊስ አያሟሟም።»

«ገና ፖሊስ አልሆንክም» አለች ፓሉኪ፣ የክፍላችን ለፍላፊ። «ቲቸር፣ የእኔንም የአጎት ልጅ ልጥራው እንዴ? ወጥቼ በረንዳ ላይ ልተኛ።»

«አንቺ እዚሁም ተኝተሻል።»

ክፍሉ ሳቀ። ሎሳሊን ተቀመጠች፤ ምንጣፉ ተንኮሻኮሸ።

ፌሌቲ ያን ሴሚስተር በመስኮቱ ሥር፣ በረንዳ ላይ ተማረ። ወረቀት በመስኮት እናቀብለዋለን። የፍቅር ምንባብ ሲመጣ ቲቸር ለምልክት ይስላል፤ ፌሌቲ ተነስቶ ወደ ቧንቧው ይሄዳል፣ ሲያልቅ ይመለሳል። የመማሪያው መጽሐፍ በየገጹ የሚተጫጩ ሰዎች ነበሩበት። አንድ ሰው ለእህቱ ክብር ሲል ይህን ሁሉ ውሃ መጠጣቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

የቃል ፈተናው ቀን ከኒው ዚላንድ አንዲት ሽበታም ፈታኝ መጣች። ተፈታኞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገባሉ፤ ተራ ጠባቂዎች በሩ ላይ ቆመን እንሰማለን። ሎሳሊንና ፌሌቲን አንድ ላይ ጠራቻቸው። ፈተና ነውና ገቡ፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ተቀመጡ። ፈታኟ ካርዱን አነበበች፤ «ባልና ሚስት ናችሁ። አልጋ ልትገዙ ሱቅ ገብታችኋል። ተነጋገሩ።»

ፓሉኪ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ማንም አልሳቀም።

ፌሌቲ ተነሳ። «ይቅርታ፣ አሞኛል» አለ።

«ከወጣህ ዜሮ ነው የምትይዘው።»

ወጣ። በአጠገባችን ሲያልፍ አንገቱ ላብ ነበር። ፈታኟ እስክሪብቶዋን አነሳች። ሎሳሊን ካርዱን ታያለች። ዝም ካለች እሷም ዜሮ ነች፤ ነርስነቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያልቃል። በዚያች ሰዓት እንኳ አልፈራሁም ትላለች፤ ሐፍረትም አልመጣም።

«አላመመውም» አለች በእንግሊዝኛ። ድምፅዋን ረስተነው ኖሯል። «ወንድሜ ነው። የዋሸው ለእኔ ብሎ ነው።»

«የአባታችሁ ስም ግን ይለያያል።»

«የእሱ አባትና የእኔ እናት አንድ ጡት ጠብተዋል። ሚስቱ መሆን አልችልም፤ በወረቀትም ቢሆን።»

«ጨዋታ እኮ ነው።»

«ለእርስዎ ነው ጨዋታ።»

ፈታኟ መነጽሯን አወለቀች። «ፀጉርሽንስ ማን ቆረጠው?» አለቻት።

ሎሳሊን ነገረቻት። ስለ አክስቷ፣ ስለ አባቷና ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ስለሚተክልበት ማሳው፣ ስለ አንሶላዎቹ። የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚቆጥር ሰው፣ ድምፅዋ ሳይነሳ ሳይወድቅ። ሰዓቱ አለቀ ስትባል አልተነሳችም።

«ዜሮው ይነሳለት» አለች።

«ከሌላ ሰው ጋር ይሞክር» አለች ፈታኟ።

ሌላዋ ሰው ፓሉኪ ሆነች። እሷም አልጋውን ገዛች፣ ፍራሹን ገዛች፣ ዋጋ ተከራከረች፣ ባሏንም ሰነፍ ነህ ብላ ሰደበች። ፌሌቲ «እሺ» ከማለት በቀር ቃል አልደረሰውም።

ውጤቱ ሲለጠፍ ሎሳሊን አልፋለች፤ ፌሌቲ ወድቋል። ፓሉኪን ወደ እህቱ መልእክተኛ አድርጎ ላካት።

«በሚመጣው ሴሚስተር ወንበር አገኘሁ፣ በረንዳው ሰልችቶኝ ነበር በያት አለኝ» አለች ፓሉኪ። «እኔን ደግሞ አላናግርሽም ብሏል። ለአንድ አልጋ።»

ሎሳሊን ራሷን ነቀነቀች። ያለፈችበትን ወረቀት እንደ አውቶቡስ ቲኬት አጥፋ ከተተችው።

በማግስቱ አብሬያት ቤቷ ስንደርስ ደጃፉ ላይ በዘንባባ ቅጠል የተሠራ ቅርጫት ተቀምጦ አገኘን። ቦዬ ነው፤ አፈሩ ገና አልደረቀም። አባቷ ተክሎት ሳይቆፍረው የሞተው ቦዬ። የመጀመሪያው ፍሬ ለእህት ነውና ፌሌቲ ቆፍሮ አምጥቶታል። ራቅ ብሎ ማንጎው ሥር ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል፤ ባሕሩን የሚያይ ይመስላል።

ሎሳሊን ቅርጫቱን በማንጠልጠያው አነሳችው። ከባድ ነበር። ደረጃው ላይ አስቀመጠችውና መዳፏን ገልብጣ አየች፤ ማንጠልጠያው በቀይ አስምሮበታል።

«አመመኝ» አለች፣ ወሬ እንደምትነግረኝ።

ላግዛት እጄን ዘረጋሁ። እምቢ ብላ፣ በዚያው እጇ አንስታ አስገባችው።