የፊታውራሪ ገላዬ ሁለት ዓይኖች

ጥቅምት በገባ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከጎንደር ተነሣሁ። የቴሌግራፍ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ የዓመት ፈቃዴ ሁለት ሳምንት ነው። የያዝኩት በቦርሳ ውስጥ አምስት መሮዎች፣ በጋቢ የተጠቀለለ ደግሞ አንድ ወፍራም የዋንዛ ጣውላ ነበር። ጣውላው ላይ የአንድ ሰው ፊትና ትከሻ ከጣት ውፍረት በማይበልጥ ከፍታ ተቀርጿል። ከሥራ መልስ የቀድሞ ሰዎችን መልክ እንዲህ መቅረጽ እወዳለሁ፤ ማንም አያዘኝም፣ ማንም አይከፍለኝም።

ይኸኛው መልክ የፊታውራሪ ገላዬ ነው። ደርቡሽ ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ ሲዋጉ የወደቁ የጃናሞራ ሰው ናቸው። አያቴ ጋሻ ጃግሬያቸው ስለነበር ታሪካቸውን እየሰማሁ አደግሁ። ፎቶግራፍ ግን የላቸውም። ፊታቸውን የሚያስታውስ አንድ ሰው ብቻ በሕይወት እንዳለ ሰማሁ፤ መካነ ብርሃን የሚኖሩት ልጃቸው እማሆይ ወለተ ማርያም። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። ሳይዘገይብኝ “ይመስላሉ ወይ?” ብዬ ልጠይቃቸው ነው የተነሣሁት።

እስከ ደባርቅ

ጨው በጫነ ማኪና ላይ ተሳፈርን። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጭቃው ያዘንና ወርደን ገፋን። ዳባት የገብስ እንጀራ በሽሮ በልተን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደባርቅ ገባን። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ኮረፌ የሚሉትን የአገሩን ጠላ ጠጥተን ሞቀን።

በበቅሎ

በማግስቱ አያ ታከለ የሚባሉ በቅሎ ነጂ አገኘሁ። ሦስት ቀን ተጓዝን። በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ተቀምጠዋል፤ እኛን ከቁም ነገር አልቆጠሩንም። ቧሂት ተራራ ላይ በረዶ ወረደብን። ጋቢዬን ከጣውላው ሳልገፍፍ ስንቀጠቀጥ አያ ታከለ አዩኝ።

“ምነው ወንድሜ፣ እንጨት ይበርደዋል?” አሉኝ።

“ከራሰ ይሰነጠቃል፣ አያ።”

ሳቁና የራሳቸውን ደበሎ አለበሱኝ።

መካነ ብርሃን

እማሆይ ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። የአያቴን ስም ስነግራቸው ጉንጬን ሳሙኝ። ጣውላውን ገልጬ ፊታቸው አቆምኩት። አዩትና በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት።

“ምነው ልጄ? አባቴ ምን በደለ?”

ደነገጥኩ። “አልመሰሉም እንዴ?”

“አንድ ዓይን ብቻ ሰጠኸው! አንድ ዓይን ለማን እንደሚሳል አታውቅም?”

መልኩን በጎን ነበር የቀረጽኩት። በብር ላይ ያለው የንጉሥ መልክም እንዲሁ በጎን ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ።

“የብሩ ንጉሥ ገበያ ነው የሚውል። አባቴ ከኔ ጋር ነው የሚውል” አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

በማግስቱ ጠዋት ነገሩን የሰሙ የደብሩ አለቃ የመቅደሱን ግድግዳ አሳዩኝ። ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች ሁሉ በጎን ተስለዋል፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ዓይን። ጻድቃኑ ግን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ያያሉ። ስንት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ይህን ሳላስተውል መቅረቴ አሳፈረኝ። ጣውላውን ይዤ ልመለስ አሰብኩ፤ እግሬ ግን ወደ እማሆይ ቤት ወሰደኝ።

“የጣውላው ጀርባ ባዶ ነው። እዚያ ላይ እንደ ገና ልሥራቸው። ብቻ እርስዎ ይንገሩኝ” አልኳቸው።

“በፊት ያንን ፋቀው።”

ፋቅሁት። የሦስት ወር ድካሜ ፍቅፋቂ ሆኖ ምድጃቸው ገባ። አልዋሽም፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

ፊት ለፊት መቅረጽ ከባድ ነው፤ አፍንጫው ከጣውላው ሳይወጣ የወጣ መምሰል አለበት። ሁለት ቀን ሠራሁ። እማሆይ አጠገቤ እየፈተሉ “ቅንድቡ ገጠም ያለ ነው”፣ “ጺሙ እንዲህ አልነበረም” ይሉኛል። ቢሆንም መልኩ አልመጣላቸውም። በመጨረሻ እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

“ልጄ፣ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከጭኑ ላይ ተቀምጬ ነው የማውቀው። አባቴን ከታች ነው የማውቀው።”

ይህን ጊዜ ገባኝ። አገጫቸውን ከፍ አደረግሁት፣ ከጺማቸው ሥር ጥላ እንዲወድቅ ጠለቅ አድርጌ ቆፈርኩ፣ ዓይኖቻቸውን ወደ ታች መለስኩ። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ።

በማግስቱ ምስማሩን ከመደቡ በላይ ሌላ ሰው ከሚሰቅልበት እጅግ ከፍ አድርጌ እንድመታ አዘዙኝ። ጣውላውን ስሰቅለው ከሥሩ ተቀምጠው ቀና አሉ።

“ሸጋ ነው” አሉ። “ይኸ አባቴ ነው።”

ስሰናበታቸው በሶና አንድ ጠርሙስ ማር አስያዙኝ፤ እስከ ወንዙ ድረስም ሸኙኝ።

ጎንደር

በገባሁ ቀን ባለቤቴ የእግር ውኃ እያቀረበች ጠየቀችኝ።

“ፊታውራሪን መሰሉ?”

የሰው መልክ በአጥንቱና በሥጋው ብቻ የሚለካ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ያየው ሰው የት ሆኖ እንዳየው ሳልጠይቅ መሮ አላነሣም። ይህን ሁሉ ለመናገር ደክሞኝ ነበርና አጭሩን መለስኩላት፦

“የፊታውራሪን ፊት እኔ አላውቀው። ልጃቸው ሲያዩዋቸው ግን የልጃቸውን ፊት አይቻለሁ።”